የሠራተኛው ግፊት ወረደ፤ ግን ማን አወረደው?

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዘነበወርቅ ሰፈር ስሙን ያገኘው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። በዚሁ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1965 የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ማለትም አለርት፣ ተቋቋመ። ከአምስት ዓመት በኋላም የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ስም የተሰየመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በአጠገቡ ሥራ ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ መሥሪያ ቤት የጤና ምርመራ የሚያትት ጽሑፍ ከሥጋ ደዌ ሆስፒታል መጀመሩ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን አንድ ጤነኛ የሚመስል ሰው ተመርምሮ «አንተ ሕመም አለብህ» ሲባል ቀጥሎ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በአገራችን ከዘነበወርቅ ይበልጥ የታሰበበት ሥፍራ ማግኘት ያዳግታል። ፍቱን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን በሥጋ ደዌ መያዝ መታወቁ ለብዙዎች የፈውስ መጀመሪያ ሳይሆን ከቤተሰብና ከቀዬ የመለየት መጀመሪያ ነበር። በሆስፒታሉ ዙሪያ የተሰባሰበው ማኅበረሰብም ከፊሉ የዚሁ መገለል ውጤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተለያዩ መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠትን እ.ኤ.አ. በ1981 ካጸደቀና ሕክምናው በ1983 ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ግን ያው ምርመራ ትርጉሙ ተለወጠ። ስሜት ያጣችውን የቆዳ ምልክት ቀድሞ ማግኘት እጅና እግርን ከጉዳት፣ ዓይንንም ከመታወር ማዳን ሆነ።

ምርመራው ያው ነው፤ የተለወጠው ተከትሎት የሚመጣው ነው። በዚያው በዘነበወርቅ የነበሩት ባለሙያዎች በዚህ አላበቁም። እ.ኤ.አ. በ1988 የጀመሩት የመስክ ግምገማ አዲሱን ሕክምና የወሰዱ ሕሙማንን እስከ አሥር ዓመት ድረስ ተከታትሏል። ሕክምናው ባክቴሪያውን እንደሚያጠፋ ቢረጋገጥም በአንዳንድ ሕሙማን ላይ የነርቭ ጉዳት ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም እንደሚከሠት ታይቷል። «መድኃኒቱን ጨርሷል» ብሎ መዝገብ መዝጋት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ የታወቀው እንዲህ ያለ ትዕግሥት የተሞላበት ክትትል በመደረጉ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን እየተለመደ የመጣውን የጤና ምርመራና የጤና ማጎልበቻ መርሐ ግብር ስንመዝን ይህን ትምህርት መያዝ ይኖርብናል።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

ሥዕሉ ለአብዛኞቻችን እንግዳ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት የጤና ቀን ያውጃል። ነርሶች መጥተው በስብሰባ አዳራሹ ጠረጴዛ ይዘረጋሉ፤ የሠራተኛው ክብደትና የደም ግፊት ይለካል፤ ከጣቱ ጫፍ ጠብታ ደም ተወስዶ ስኳሩ ይታያል። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ምክር ይሰጠዋል። ዓርብ ዓርብ ማስ ስፖርት ይጀመራል። በዓመቱ መጨረሻም «የሠራተኞቻችን ጤና በእጅጉ ተሻሽሏል» የሚል ሪፖርት ለበላይ አካል ይቀርባል።

ዓላማው የተቀደሰ መሆኑን ማንም አይክድም። ችግሩም የፈጠራ አይደለም። በ2000ዎቹ መጨረሻ ላይ በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሠራተኞችና በመምህራን ላይ የተካሄደና በ2012 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት መካከል 19.1 በመቶ የሚሆኑት የደም ግፊት፣ 6.5 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። እነዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ወይም ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው የሚያስተምሩ፣ ከሥራ ያልቀሩ ሰዎች ናቸው። የደም ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ቆይቶ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና 123 ጥናቶችን ያጠናቀረ ሥራ እንዳመለከተው የላይኛውን ግፊት በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ማድረግ ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል።

ስለዚህ ጥያቄው ሕመሙ አለ ወይስ የለም አይደለም፤ ሕክምናው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚልም አይደለም። ጥያቄው ይህ ነው፤ በስብሰባ አዳራሹ የተዘረጋው ጠረጴዛ ሕመምተኛውን ከሕክምናው ጋር አገናኝቶታል ወይ? ያገናኘው መሆኑንስ በምን እናውቃለን? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከሕክምና ይልቅ ወደ መለካት ሳይንስ ያዘነበለ በመሆኑ አንድ የፊዚክስ መምህር በመድረኩ ላይ ቢገኝ ነውር አይሆንም።

አሥር ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለች ክንድ

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በቅድሚያ የምናስተምረው፣ ልኬት ሁሉ ስሕተት እንዳለውና ስሕተትም ሁለት ዓይነት እንደሆነ ነው። አንደኛው የዘፈቀደ ስሕተት ሲሆን አንድ ጊዜ ከፍ፣ ሌላ ጊዜ ዝቅ ያደርጋል፤ ልኬቱን ደጋግሞ አማካዩን በመውሰድ ይቀንሳል። ሁለተኛው ሥርዓታዊ ስሕተት ሲሆን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፋ ሺህ ጊዜ ብንደጋግመውም አይለቀንም።

የክንድ ላይ የግፊት መለኪያ ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀውና ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ በ1905 በድምፅ የማዳመጥን ዘዴ የጨመረበት መሣሪያ ነው። መሣሪያው የሚለካው በደም ሥሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል 760 የሆነው የአየር ግፊት በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ወደ 580 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ መውረዱ በንባቡ ላይ ችግር አይፈጥርም፤ ይህ ዜሮው ከየት እንደሚቆጠር ብቻ የሚለይ ነገር ነው።

የክንዱ አቀማመጥ ግን ችግር ይፈጥራል። መለኪያው የተጠመጠመበት ክንድ ከልብ ከፍታ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢንጠለጠል፣ በመካከል ያለው የደም ዓምድ የራሱን ግፊት ይጨምራል። የደም እፍጋት በአንድ ሜትር ኩብ 1,060 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህን በስበት ፍጥንጥነት 9.8 እና በ0.1 ሜትር ብናባዛ 1,039 ፓስካል እናገኛለን። አንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ 133 ፓስካል ስለሆነ ውጤቱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል። እንግዲህ እውነተኛ የላይኛው ግፊቱ 135 የሆነ ሠራተኛ፣ ክንዱን የሚያሳርፍበት ጠረጴዛ በማጣቱ ብቻ 143 ተብሎ ይመዘገባል፤ ከ140 በላይ በመሆኑም «ግፊት አለብህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው። ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠምጠሚያ መጠቀም፣ ደረጃ ወጥቶ ያለከለከን ሰው ሳያርፍ መለካት፣ እየተነጋገሩ መለካት፣ ይህ ሁሉ ንባቡን ወደ ላይ ይገፋል።

በዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው ሁለተኛ ልኬት የተሻለ ወንበርና ጠረጴዛ ቢቀርብስ? የሠራተኛው ሁሉ ግፊት «ይወርዳል»። ሪፖርቱም ለማስ ስፖርቱ ምስጋና ያቀርባል። ምስጋናው የሚገባው ግን ለጠረጴዛው ነበር።

ወደ አማካይ መመለስ

ጠረጴዛውና ወንበሩ ፍጹም ቢሆኑም ሌላ ረቂቅ ወጥመድ አለ። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያጠና፣ እጅግ ረጃጅም የሆኑ ወላጆች ልጆች ረጃጅም ቢሆኑም በአማካይ የወላጆቻቸውን ያህል እንደማይረዝሙ አስተዋለ። ይህ ክሥተት ወደ አማካይ መመለስ ይባላል። በጤና ምርመራ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ በቁጥር እንመልከተው።

በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች እውነተኛ አማካይ የላይኛ ግፊት 125 ነው እንበል። በሰውና በሰው መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት በመደበኛ ልይይት 15፣ የአንዱ ሰው ግፊት ከቀን ወደ ቀን የሚዋዥቅበት መጠን ደግሞ 10 ይሁን። የሁለቱን ካሬዎች ስንደምር 225 ሲደመር 100፣ ማለትም 325 ይሆናል። ከምናየው ልዩነት ውስጥ እውነተኛው ድርሻ 225 ለ325፣ ማለትም 69 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው 31 በመቶ የዕለቱ መዋዠቅ ነው።

አሁን በምርመራው ቀን አማካይ ንባባቸው 150 የሆኑትን ሠራተኞች ለብቻ እንለያቸው። ከአማካዩ በ25 ይበልጣሉ። ከዚህ ውስጥ እውነተኛው 69 በመቶ ብቻ በመሆኑ በሚቀጥለው ልኬት የምንጠብቀው አማካይ 125 ሲደመር 17፣ ማለትም 142 ነው። ማንም ምንም ሳያደርግ፣ ጨው ሳይቀነስ፣ እርምጃ ሳይራመዱ፣ ክኒን ሳይዋጥ፣ የቡድኑ ግፊት በ8 ይወርዳል። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ቁጥር ቀደም ሲል ከጠቀስነውና የልብ አደጋን በአምስተኛ ከሚቀንሰው የ10 ቅናሽ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ ይሏል። አንድ ከንቱ መርሐ ግብር ሕይወት አዳኝ መስሎ ለመታየት የሚያስፈልገው ከፍ ያሉትን መርጦ ደግሞ መለካት ብቻ ነው።

ይህ ማታለል አይደለም፤ አቅራቢዎቹም ቅን ሰዎች ናቸው። «በፊትና በኋላ» የሚባለው ማነጻጸሪያ ራሱ ነው የሚያታልለው።

ከሦስት አንዱ

ሦስተኛው ጉዳይ የውጤት ትርጉም ነው። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚደረግ ፈጣን የስኳር ምርመራ ከመቶ ሕሙማን 80ውን ያገኛል፣ ከመቶ ጤነኞች ደግሞ 90ውን በትክክል «ነጻ» ይላል ብለን እናስብ። ጥሩ ምርመራ ይመስላል። ከ1,000 ሠራተኞች መካከል 60ው በእርግጥ ስኳር ካለባቸው፣ ምርመራው ከእነርሱ 48ቱን ያገኛል፤ 12ቱን «ደህና ናችሁ» ብሎ ያሰናብታል። ከቀሩት 940 ጤነኞች ውስጥ ግን 94ቱን በስሕተት «ስኳር አለባችሁ» ይላቸዋል። በጠቅላላው 142 ሰዎች ይደነግጣሉ፤ በእርግጥ ሕመሙ ያለባቸው ግን 48ቱ፣ ማለትም ከሦስቱ አንዱ ናቸው።

ሠራተኞቹ ወጣቶች ሆነው ከ1,000 መካከል 20ው ብቻ ቢታመሙስ? የሚገኙት 16 ሲሆኑ በስሕተት የሚፈረጁት 98 ይሆናሉ። አሁን ከሰባቱ አንዱ ብቻ ነው እውነተኛው። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተመርማሪው ሕዝብ ነው። አንድ የምርመራ ውጤት ትርጉም የሚኖረው ከምርመራው በፊት ከነበረው ግምት ጋር ተገናዝቦ ነው የሚለው ይህ የቤይዝ ሕግ በሒሳብ ክፍል የሚቀር ነገር አይደለም።

መፍትሔው ምርመራውን መተው ሳይሆን በስብሰባ አዳራሽ የተገኘን ውጤት እንደ ፍርድ አለመቁጠር ነው። በሌላ ቀን ደግሞ መለካት፣ በቤተ ሙከራ ማረጋገጥ፣ እስኪረጋገጥም «ጥርጣሬ» ብሎ መጥራት ያስፈልጋል። ዊልሰንና ዩንግነር እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጁት የታወቀ ሥራ ላይ የጤና ልየታ ከመጀመሩ በፊት ሊሟሉ ይገባል ካሏቸው መመዘኛዎች መካከል ተቀባይነት ያለው ሕክምና መኖሩና የምርመራና የሕክምና አገልግሎቱ በእጅ መገኘቱ ይገኙባቸዋል። የዘነበወርቅ ታሪክም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።

ማን መጣ? ማንስ ቀረ?

«እንግዲያው የተሳተፉትን ካልተሳተፉት ጋር እናነጻጽር» የሚል ሊኖር ይችላል። ይህንን ሐሳብ በጥንቃቄ የፈተነው በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በጀመረው በዚህ ጥናት 4,834 የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ተካተቱ። 3,300ዎቹ በዕጣ ተመርጠው የጤና ምርመራ፣ መጠይቅና ልዩ ልዩ የጤና ማጎልበቻ ተግባራት ያሉበት መርሐ ግብር ተከፈተላቸው፤ 1,534ቱ ደግሞ የማነጻጸሪያ ቡድን ሆኑ።

ተመራማሪዎቹ መረጃውን በሁለት መንገድ ተነተኑት። በመጀመሪያ መርሐ ግብሩ ከተከፈተላቸው መካከል የተሳተፉትን ካልተሳተፉት ጋር አነጻጸሩ። የተሳተፉት ወደ ግቢው ስፖርት ማዘውተሪያ በአማካይ 7.4 ጊዜ ገደማ ሲሄዱ ያልተሳተፉት የሄዱት 3.8 ጊዜ ነበር። ውጤቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቀጥለው ግን ዕጣ የወጣላቸውን ሁሉ፣ የተሳተፈውንም ያልተሳተፈውንም አንድ ላይ አድርገው፣ ዕጣ ካልወጣላቸው ጋር አነጻጸሩ። ቁጥሩ 5.9 እና 5.8 ሆነ። ልዩነቱ ተነነ።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ለጤና መርሐ ግብር ቀድመው የሚመዘገቡት ቀድሞም ስፖርት የሚወዱትና ስለ ጤናቸው የሚያስቡት ናቸው። መርሐ ግብሩ እነዚህን ሰዎች ሰበሰባቸው እንጂ አልፈጠራቸውም። በእኛም መሥሪያ ቤቶች በጤናው ቀን ማን እንደማይመጣ መገመት አይከብድም፤ ሌሊት የሚያድረው ጥበቃ ተኝቷል፣ ሾፌሩ መስክ ወጥቷል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በኤጀንሲ የተቀጠረች በመሆኗ ስሟ በዝርዝሩ የለም፣ ግፊት እንዳለበት የሚጠረጥረው ደግሞ መስማት አይፈልግም። ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው የቀሩበት ምርመራ ጥሩ ቁጥር ማስገኘቱ የማይቀር ነው።

ራስን የማረም ሳይንስ

እ.ኤ.አ. በ2010 ካትሪን ቤይከር፣ ዴቪድ ከትለርና ዚሩይ ሶንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እስከዚያ የታተሙትን ጥናቶች አጠናቅረው፣ ለጤና ማጎልበቻ መርሐ ግብር የወጣ እያንዳንዱ ዶላር የሕክምና ወጪን በ3.27 ዶላር፣ ከሥራ በመቅረት የሚደርሰውን ኪሳራ ደግሞ በ2.73 ዶላር ገደማ እንደሚቀንስ ጻፉ። ቁጥሩ ዓለምን ዞረ፤ ብዙ ድርጅቶችም ተቀበሉት።

ከተመራማሪዎቹ ሁለቱ፣ ሶንግና ቤይከር፣ በዚህ ረክተው አልተቀመጡም። ቢጄስ ሆልሴል ክለብ በተባለ የአሜሪካ የንግድ ድርጅት ውስጥ ወደ 33,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ያሉባቸውን 160 ቅርንጫፎች ወስደው 20ዎቹን በዕጣ ለመርሐ ግብሩ መደቡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ከ18 ወራት በኋላ መርሐ ግብሩ በተካሄደባቸው ቅርንጫፎች ያሉ ሠራተኞች ከሌሎቹ በበለጠ «ስፖርት እንሠራለን፣ ክብደታችንን እንቆጣጠራለን» ብለው መለሱ። የደም ግፊታቸው፣ ኮሌስትሮላቸው፣ የሰውነታቸው ክብደት፣ የሕክምና ወጪያቸውና ከሥራ የሚቀሩበት ቀን ሲታይ ግን ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። በ2021 የታተመው የሦስት ዓመት ክትትልም ይህንኑ አጸና።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሰው የሚናገረውና መሣሪያ የሚናገረው ይለያያል፤ «ጠቅሟችኋል ወይ?» የሚል መጠይቅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የቀደመ መደምደሚያን ይበልጥ ጠንካራ በሆነ ሙከራ ለፈተና ማቅረብ የሳይንስ ወጉ ነው። አንድ ተመራማሪ ስሙ ከተጠራበት ቁጥር ይልቅ ለእውነት ሲያደላ ከማየት የበለጠ ለተማሪ የሚሆን ምሳሌ የለም።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው?

እስካሁን የተባለው ተስፋ የሚያስቆርጥ መስሎ እንዳይታይ፣ ወደ ቻይና እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በ60 የሥራ ቦታዎች የሚገኙ ከ4,000 የሚበልጡ የደም ግፊት ሕሙማን ሠራተኞችን ይመለከታል። በዕጣ በተመረጡት የሥራ ቦታዎች ከጤና ትምህርቱ በተጨማሪ የጤና ባለሙያዎች ሕሙማኑን በየወሩ እየተከታተሉ በመመሪያው መሠረት መድኃኒታቸውን ያስተካክሉ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በእነዚህ ቦታዎች ከሕሙማኑ 66 በመቶ የሚሆኑት ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር ሲውል በማነጻጸሪያዎቹ 44 በመቶ ብቻ ሆነ።

የማነጻጸሪያው ቡድን ስላለ ወደ አማካይ መመለስ በሁለቱም በኩል እኩል ይሠራል፤ ስለዚህ የቀረው 22 በመቶ ልዩነት የሥራው ፍሬ ነው። በአሜሪካኖቹና በቻይናው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የአሜሪካኖቹ መርሐ ግብሮች ሁሉንም ሠራተኛ ስለ ጤና ይመክሩ ነበር፤ የቻይናው ግን ሕመሙ የተረጋገጠበትን ሰው ይዞ በየወሩ ሳይለቅ አከመ። አገሩም ሠራተኛውም የተለያየ በመሆኑ ንጽጽሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል፤ ሆኖም ዘነበወርቅ በሥጋ ደዌ ካስተማረችን ጋር አንድ መንገድ ያመለክታል፤ ዋናው ነገር ማግኘት ሳይሆን አግኝቶ አለመልቀቅ ነው።

በአንድ መሥሪያ ቤት እንዴት እንመዝን?

አንድ ተቋም መርሐ ግብሩን በሐቀኝነት መመዘን ቢፈልግ ምን ያድርግ? «ግማሹን ሠራተኛ ልንከለክል ነው ወይ?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ለዚህ መልስ የምናገኘው ከዚሁ ከአህጉራችን ነው። ከ1986 ጀምሮ በጋምቢያ የጉበት በሽታ ክትባት ለሕፃናት ሲጀመር በአንድ ጊዜ አገሩን ሁሉ ማዳረስ አልተቻለም ነበር። ስለዚህ ክትባቱ ወደየአካባቢው የሚገባበት ተራ በዕጣ ተወሰነ። በመጨረሻ ሁሉም አገኘ፤ በመካከል ግን ተራቸው ያልደረሰው ተራቸው ለደረሰው ማነጻጸሪያ ሆኑ። በመሥሪያ ቤትም ነርሶቹ በአንድ ቀን ሁሉንም ክፍል ማዳረስ ስለማይችሉ ተራው መኖሩ አይቀርም፤ ያንኑ ተራ በአለቃ ምርጫ ከመወሰን በዕጣ መወሰን ፍትሐዊም ሳይንሳዊም ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዛት ነው። ቀደም ባለው ምሳሌያችን የአንድ ሰው ሁለት ልኬቶች ልዩነት በ14 ገደማ ይዋዥቃል። ሁለት ባለ 50 ሰው ቡድኖች ቢነጻጸሩ የውጤቱ መደበኛ ስሕተት ወደ 3 ይጠጋል፤ የ3 ሚሊ ሜትር መሻሻል ቢኖር እንኳ ከጩኸቱ መለየት አይቻልም። እያንዳንዱ ቡድን 400 ሰው ቢሆን ግን ስሕተቱ ወደ 1 ይወርዳል፤ ያው መሻሻል በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ትንንሽ መሥሪያ ቤቶች በየራሳቸው ከሚመዝኑ ቢተባበሩ ይሻላል።

ሦስተኛው የሚቆጠረው ነገር ነው። የሚከተለውን ለማስረዳት ብቻ የፈጠርኩት ምሳሌ ነው። 400 ሠራተኞች ተጠሩ፤ 250 መጡ፤ 60ው በመጀመሪያው ልኬት ከፍ ያለ ግፊት ታየባቸው፤ ተደጋግሞ ሲለካ በ35ቱ ተረጋገጠ፤ 20ው ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ 12ቱ በዓመቱ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው፤ የ8ቱ ግፊት በቁጥጥር ሥር ዋለ። ሪፖርቱ «250 ሠራተኞች ተጠቃሚ ሆነዋል» ይላል። እውነተኛው ቁጥር 8 ነው። ስምንቱን አንናቃቸው፤ ስምንት ቤተሰቦች ናቸው። ነገር ግን ይህ መሰላል በሙሉ ካልተጻፈ የትኛው እርከን እንደተሰበረ አይታወቅም። ከ35ቱ 15ቱ ጤና ጣቢያ ያልሄዱት ለምንድን ነው? ፈቃድ ተከልክለው ነው? የመድኃኒቱን ዋጋ ፈርተው ነው? ሕመም ስለማይሰማቸው ነው? በሚቀጥለው ዓመት ገንዘቡ መዋል ያለበት ሌላ 250 ሰው ለመለካት ሳይሆን ይህን እርከን ለመጠገን ይሆናል።

በመጨረሻም ልኬቱን የሚወስደው ሰው ከመርሐ ግብሩ አዘጋጆች የተለየ፣ የተለካው ሠራተኛ ከየትኛው ቡድን እንደሆነም የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል። በቤተ ሙከራ እንኳ የሚጠበቀውን መልስ የሚያውቅ ተማሪ ቀስቱ ወደሚፈልገው ቁጥር ስትጠጋ ማንበቡ የታወቀ ነው።

ምስጢርና አመኔታ

ከቁጥር ባሻገር አንድ ነገር ይቀራል። ሠራተኛው ውጤቱ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል ብሎ ከፈራ አይመጣም፤ ቢመጣም እውነቱን አይናገርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ተቀጣሪዎችንና በአደገኛ ሥራ ላይ የተሠማሩትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ሲያዝ የኤችአይቪ ምርመራን ለይቶ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ውጤቱ ሰውን ከእንጀራው ሊያፈናቅል የሚችል ምርመራ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ስለዚህ የግለሰብ ውጤት ከሐኪሙና ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለበትም፤ መሥሪያ ቤቱ ማወቅ የሚገባው ድምሩን ብቻ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ከነገ ወዲያ ከእናንተ አንዳንዶቹ ሐኪም፣ አንዳንዶቹ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እንዲህ ያለውን በጀት የሚያጸድቅ ኃላፊ ትሆናላችሁ። «የሠራተኞቻችን ግፊት በ8 ወርዷል» የሚል ሪፖርት ሲቀርብላችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት አራት ጥያቄዎች ጠይቁ። የተለካው ሁሉም ሰው ነው ወይስ የመጣው ብቻ? በሁለቱም ጊዜ አለካኩ አንድ ዓይነት ነበር? ካልተካፈሉት ጋር በዕጣ ተነጻጽሯል? ሕመሙ የተረጋገጠበት ሰው ዛሬ መድኃኒቱን ከየት ያገኛል? ለመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መልስ ካልተገኘ ግፊቱን ማን እንዳወረደው አይታወቅም። ለአራተኛው መልስ ካልተገኘ ግን ጠረጴዛውን ከመዘርጋት በፊት ጤና ጣቢያውን ማዘጋጀት ይቀድማል።